ሲጃራ ያጨሰችው ጭልፊት

ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ተላሂ! የምነግራችሁ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እውነት ነው። የእኔ መሐላ ካልበቃችሁ ጎረቤታችን እናትነሽ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትማልልኛለች፤ እሷ እንኳን በታቦት ፊት በሽንኩርት ዋጋም የማትዋሽ ሴት ናት።

ይህን የምለው ስሜን ስለማውቀው ነው። ሰዑድ የሚሉኝ ባለ ባጃጅ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ላይ አንድ ሰው «ሰዑድ ነገረኝ» ካለ፣ ሰሚው «ግማሹን ለውሻ ጣልለት» ይለዋል። ከስድስተኛ ክፍል የተባረርኩት የመምህራችን ወንበር ላይ ሙጫ ቀብቼ ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። የቀባሁት ማር ነበር፤ ጉንዳኑ በራሱ ጊዜ ነው የመጣው። የጽሑፌን ፊደል ያጣመመብኝም እሱ ጉንዳን ነውና ታገሡኝ።

አክስቴ ረቢያ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ የእናቷም እናት፤ እንዲህ እያልን ብንቆጥር ሰባት ትውልድ ይሆናል። ቤቷ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአምባሰል አምባ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ከሚታይባት መንደራችን ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ከሚወጣው እንስራ፣ ድስትና ምጣድ ግማሹ ከእሷ እጅ የወጣ ነው። አንድ ማሳ ማሽላም አላት። ሸክላው ለጨውና ለዘይት፣ ማሽላው ለሆድ፤ እንዲህ ነው የምትኖረው።

ልጇ መስኡዳ ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ በለውጡ ሰሞን፣ አገሩ ሁሉ «ተደመር» በሚባልበት ጊዜ ተመልሳ መጣች። ሌሎች ከዐረብ አገር ሲመጡ ቴሌቪዥን ይዘው ይመጣሉ። መስኡዳ ያመጣችው ሐሳብ ነው። ጅዳ የነበረችበት ቤት እመቤት ሳሎኗን በሸክላ ወፎች የሞላች ነበረችና፣ መስኡዳ ስድስት ዓመት ሙሉ የእነሱን አቧራ ስትጠርግ ኖረች።

«ታውቃለህ ሰዑድ፣» አለችኝ በመጣች በሳምንቱ፣ «እነዚያ ወፎች ያምራሉ፤ ግን ዓይናቸው ውሃ አይቶ አያውቅም። የኛን ሐይቅ ወፎች እኔ እሠራቸዋለሁ።»

ሠራቻቸውም። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ድፍን የጭቃ ወፎች። አንገቷን ደረቷ ላይ ጥላ የምታንቀላፋ ሻላ፤ አንድ እግሯን አጥፋ የምታስብ ሽመላ፤ ጫጩቶቿን ከኋላ ያስከተለች ይብራ። የእናቷ እሳት ጥግ ላይ ትጠብሳቸውና ግማሽ ጎናቸው ጠቁሮ፣ ግማሹ ቀልቶ ይወጣሉ። መስኮት ላይ ስትደረድራቸው የጎረቤት ድመት ሦስት ቀን ጾሟን ስትጠብቃቸው ዋለች።

አክስቴ ግን አንዷን አንስታ፣ ገልብጣ፣ ከታች አየቻት።

«ውሃ አይዝ፣ ወጥ አያበስል፣ እህል አያኖር! ይሄ ሸክላ ነው ወይስ የሸክላ ቀልድ?»

በዚያው ሰሞን ወጣቶችን ለሥራ ከሚያደራጅ ቢሮ አንድ መዝጋቢ መጣ። መስኡዳ ሄዳ «የሸክላ ወፍ እሠራለሁ» አለች። መዝጋቢው ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈለገ፤ የሸክላ ወፍ የሚል የለም። ቢጨንቀው «የዶሮ እርባታ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በወሩ የዶሮ ክትባት ተላከላት። አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር «መስኡዳ፣ ሻላዎቹን አስከትበሻቸዋል?» እያለች ቤቱን በሳቅ ትገድለዋለች። መስኡዳ አብራ ትስቃለች፤ ግን ጆሮዋ ይቀላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሄደ። በ2013 ክረምት አክስቴ ልጇን ጠርታ ቁርጡን ነገረቻት። እኔም በር ላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ማዳመጤ እንኳ አልነበረም፣ ጆሮዬ ነው የቀደመኝ።

«ስሚኝ ልጄ። የዘንድሮ ማሽላ በደህና ከገባ የምንበላው አለንና እንደ ፈቀደሽ ጭቃሽን አቡኪ። ካልገባ ግን መንገድ እንደተከፈተ ወደ ዐረብ አገር ትመለሻለሽ። ሁለት ሆድ በጭቃ ወፍ አላጠግብም።»

«እሺ እማ፣» አለች መስኡዳ።

ውጪ ስትወጣ ግን ክንዴን ያዘችኝ። «ሰዑድ፣ እዚያ ቤት ተመልሼ የሰው ወፍ አቧራ ከምጠርግ ግሪሳ ይብላኝ» አለች። አፏን በቆረጠው! ግሪሳው ሰምቷት ነው የመጣው እላለሁ እኔ።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። የሸሸ ሸሸ፣ የቀረን ቀረን። የዚያን ጊዜ ሐዘን የሚችለው ሰው ይጻፈው፤ እኔ የምችለውን ነው የምጽፈው። ባጃጄን ጎማዋን ፈትቼ ጭድ ውስጥ ቀበርኳት። የታጠቁ ሰዎች ከመንደሩ በታች ድልድዩ ላይ ኬላ አቆሙና ትእዛዝ አወጡ። ጅራፍ ማጮህ ክልክል፤ ወንጭፍ መወንጨፍ ክልክል፤ ማማ ላይ መውጣት ክልክል።

ይህ ለከተሜ ምንም አይመስለውም። ለእኛ ግን ጥቅምት ማለት ማሽላ ወተት የሚይዝበት፣ ግሪሳ የሚባለው ጥቃቅን ወፍ እንደ ደመና የሚወርድበት ወር ነው። በደጉ ዘመን በየማሳው መሐል በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ ይቆምና፣ አንድ ሰው ከጧት እስከ ማታ እዚያ ላይ ሆኖ በወንጭፍና በጅራፍ ወፍ ይጠብቃል። ጅራፍ ደግሞ ሲጮህ ከጥይት አይለይም። ማማ ላይ የተቀመጠም ሰው ለባለ ጠብመንጃ ወፍ ጠባቂ አይደለም፣ ሰላይ ነው። ስለዚህ ማሳው ሁሉ ያለ ጠባቂ ቀረ።

ግሪሳ ግን ኬላ ላይ መታወቂያ አይጠየቅም። አንድ ጧት መጣና የአክስቴን ማሳ ዳር ዳሩን ገፎት ሄደ። የማሽላው ራስ ሁሉ የተላጨ መሰለ። አክስቴ ማሳው ዳር ቁጭ ብላ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች። መስኡዳ ምን እንዳሰበች አውቃለሁ፤ ከጅዳ ይዛው የመጣችው ሳጥን አልጋ ስር ነው ያለው።

እኔ በበኩሌ ሞከርኩ። የዒድ ኮቴን እንጨት አልብሼ አቆምኩ፤ በነጋታው ኪሱ ውስጥ ጎጆ ሠሩበት። ከዚያ በለሆሳስ በአምባሰል ቅኝት አዜምኩላቸው፤ ድምፄን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይሸሻልና። ግሪሳዎቹ ግን ወሎየ ናቸው መሰለኝ ዘፈኑ ገባቸው። አልሸሹም። እያለቀሱ በሉ።

መስኡዳ ይህን ጊዜ ነው ሰማዩን ያየችው። አንድ ጭልፊት ከአምባው በኩል መጥቶ ከማሳው በላይ አንድ ጊዜ ዞረ። ጥላው ማሽላው ላይ እንዳለፈ ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ፤ ወዲያው መንጋው ተነሥቶ በረረ።

«አየኸው?» አለችኝ። «አልጮኸም፣ አልተኮሰም። እኛም የሚያስፈልገን ዝም ያለ ጠባቂ ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ሾላው ስር በጀርባዋ ተንጋላ ጭልፊቱን ስታጠና ዋለች። ክንፉን ሲዘረጋ ጫፉ ላይ ጣት ጣት እንደሚያወጣ፣ ሲዞር ጅራቱን እንዴት እንደሚያጣምም። አክስቴ «ልጄ ሰማይ ለሰማይ ቀረችብኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ግን መስኡዳ ጭቃ ማቡካት ስትጀምር፣ አክስቴ የተፈጨ ገል በሳህን አምጥታ አጠገቧ አኖረች። ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ ዱቄት ነው፤ ጭቃው ውስጥ ካልገባ ሸክላው እሳት አይችልም።

«ለድስት የፈጨሁት ነው። አታባክኚው» ብላ ገባች።

አሥራ ሁለት ጭልፊቶች ተሠሩ። ክንፋቸው ሲዘረጋ ክንድ ይሞላል። ላባው አንድ በአንድ በሰንበሌጥ ጫፍ የተጫረ፣ ዓይናቸው የተቆጣ፣ ወላሂ እኔ ራሴ ጀርባዬን ሰጥቻቸው መቀመጥ ፈራሁ። ድፍን ከሆኑ ይከብዳሉና ውስጣቸውን ባዶ አደረገቻቸው። አክስቴ በር ላይ ቆማ «ታዲያ አፋቸው የት አለ? ሸክላ ያለ አፍ አይቼ አላውቅም» አለቻት።

«እማ፣ ወፍ ሆዷ ክፍት ነው እንዴ?» አለችና ሁሉንም በጣቷ ሙልጭ አድርጋ ደፈነቻቸው።

አክስቴም ተወቻት። እዚህ ላይ አትፍረዱባት። እንስራም ምጣድም ድስትም ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በሰባት ትውልድ ውስጥ አንድም ሰው ውስጡን ባዶ አድርጎ፣ አፉን ዘግቶ የጠበሰ የለም። ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ማን ይወቅ?

ጭልፊቶቹ ጥላ ውስጥ ሲደርቁ ቤቱን እንድጠብቅ እኔን ተዉኝ። እኔን! ትንሽ ቆይቼ ሰለቸኝ። ገና ያልጠነከረችውን አንዷን መርጬ ምንቃሯን በሰንበሌጥ ወጋሁና የመጨረሻ ሲጃራዬን አጎረስኳት። አማረባት። ከዚያ «ያጨሰችውን በየት ታወጣለች?» ብዬ አዘንኩላትና በኋላዋም በኩል ወጋኋት። መስኡዳ መጥታ ስታይ ሲጃራ የምታጨስ ጭልፊት ከነቁጣዋ ፈጠጠችባት።

«አንተ ሰይጣን! አንተ የኢብሊስ ተላላኪ!» የጭቃውን እንጨት አንሥታ እስከ እናትነሽ ደጅ አባረረችኝ። እናትነሽም ነገሩን ሳትጠይቅ «ምን እንዳደረገ ባላውቅም ጨምሪበት» አለቻት። ቀዳዳዎቹን ለመድፈን ግን ጊዜ አልነበረም፤ ማሽላው እየተበላ ነው። ያቺም እንዳለች ትጠበስ ተባለ።

በነጋታው ረፋድ ላይ ጭልፊቶቹን ኩበትና የማሽላ አገዳ ከመርንባቸው፣ እሳት ለኮስን። አክስቴ፣ መስኡዳና እኔ ዙሪያውን ተቀመጥን። እሳቱ ደህና ያዘ። አክስቴ «ቢስሚላህ» ብላ አመዱን ልታስተካክል እንጨት ስትዘረጋ፦

ጧ!

አመድ ፊታችን ላይ ተበተነ። ሳንነሣ ጧ! ጧ! ቀጥሎ ሁለት ባንድ ላይ። አንድ ክንፍ ከጆሮዬ አጠገብ ፏጭቶ አለፈ። እኔ ደጅ ከታሰረችው የአክስቴ አህያ ሆድ ስር ገባሁ፤ አህያዋም ከኔ ስር ልትገባ ትታገላለች። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።

ድልድዩ ላይ የነበሩት ሰዎችማ ሌላ ምን ያስቡ? ጦር ተከፈተብን አሉ። ሦስቱ ዘለው የቁልቋል አጥር ውስጥ ገቡ። ከዚያም ወደ ሰማይ መልስ ተኮሱ፤ ሰማዩ ምንም አላላቸው። ጸጥ ሲል ጠብመንጃቸውን ደግነው እየተሳቡ ወደ እኛ መጡ፤ እሾሁ ከፊትም ከኋላም ተሰክቶባቸው ጃርት መስለዋል። መሣቅ አማረኝ፤ እግዜር ያውቃል።

«ማን ነው የተኮሰ?» አለ አለቃቸው።

አክስቴ አመድ እንደለበሰች ቀና አለች። «ማንም አልተኮሰም የኔ ልጅ። ጭልፊት ነው የፈነዳ።»

«ጭልፊት ይፈነዳል እንዴ?»

«እኛም ዛሬ ነው ያየነው።»

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። ሁለቱንም እጄን አንሥቻለሁ፤ አንዱ እጄ ላይ የጭልፊት ክንፍ አለ፤ መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ከሦስቱ ልጅ እግሩ ክንፉን ከእጄ ወሰደና አገላብጦ አየው። ላባውን በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ» አለች መስኡዳ።

«ለምን?»

«ለግሪሳ። ጅራፍ ከለከላችሁን፣ ማማ ከለከላችሁን። ማሽላችን እያለቀ ነው።»

ልጁ ማሳውን አየ። ግሪሳው በተኩሱ ተነሥቶ ነበር፤ አሁን ተመልሶ እየወረደ ነው። «የኛም ማሽላ ዘንድሮ ጠባቂ የለው» አለ። «እናቴ ብቻዋን ናት።»

አክስቴ «አላህ ይጠብቅላት» አለችና ጉዳዩ ያለቀ ይመስል መርፌ ይዛ ወጣች። «ና ቁጭ በል፤ እሾህህን ላውጣልህ።» ልጁ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሁለተኛው ተቀመጠ። ያ ቅድም «ማን ነው የተኮሰ» ያለው አለቃ ትንሽ አንገራግሮ ተራውን ያዘ፤ ለመቀመጥ ግን አልቻለም፤ ቆሞ ነው የወጣለት። አክስቴ በምታወጣው እሾህ ቁጥር «አብሽር፣ አብሽር» ትለዋለች።

ሲሄድ ትእዛዝ ሰጠ። «ከዛሬ ጀምሮ ጭልፊት ስትጠብሱ አስቀድማችሁ ታስታውቃላችሁ!»

እነሱ ከሄዱ በኋላ መስኡዳ አመዱን መቆፈር ያዘች። ምንቃር፣ ጥፍር፣ ግማሽ ዓይን። እንባዋ ጉንጯ ላይ ባለው አመድ ላይ መንገድ ሠራ። «አለቀልኝ» ትላለች፤ «አለቀልኝ፣ ጅዳ ገባሁ።» ድንገት እጇ ቆመ። ከአመዱ ስር አንዲት ጭልፊት ሙሉዋን ወጣች፤ ክንፏ ሙሉ፣ ጀርባዋ የጠቆረ፣ ደረቷ ፍም የመሰለ። ምንቃሯ ላይ ቀዳዳ አለ። ሲጃራ ያጨሰችው ናት!

አክስቴ ተቀበለቻት። ቀዳዳውን አየችው፤ በኋላዋ ያለውንም አየችው፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ከንፈሯን ምንቃሯ ላይ አድርጋ እፍ አለች። ጭልፊቷ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጸጉር የሚያቆም ፉጨት አሰማች። ማሳው ላይ የነበረው ግሪሳ ጸጥ አለ።

አክስቴ ያለችበት ቁጭ አለች። «ሰባት ትውልድ አፍ ስንሠራ ኖርን። አፍ ለመጠጫ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ ሸክላውም መተንፈስ ይፈልጋል!» ቀጥላ እስክታነባ ሣቀች። መስኡዳ አብራ ሣቀች። እኔማ ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ «አንተ ለቀልድህ ነው የወጋኸው» ብለው ጭቃ እንድረግጥ አዘዙኝ።

በሳምንቱ ድልድዩ ድረስ መልእክተኛ ሆኜ ሄድኩ። «ነገ ረፋድ ላይ ጭልፊት ይጠበሳል» አልኩ።

ጠባቂው በደንብ ቆሞ «ስንት?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«ይፈነዳሉ?»

«ኢንሻአላህ አይፈነዱም። አሁን ይተነፍሳሉ።»

አንዷም አልፈነዳችም። አሥራ ሦስቱን በቃጫ ገመድ ረጃጅም እንጨት ላይ ሰቀልናቸው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሣ ክንፋቸው ዞረ፣ አፋቸው ፏጨ፣ ግሪሳውም ተጠራርጎ ወጣ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቅንም። በነጋታው እናትነሽ ነጠላዋን አደግድጋ መጥታ ነገረችን።

«ግሪሳችሁን ወደ እኔ ሰደዳችሁታ! ይሄ ነው ጉርብትና?»

«አብሽሪ እትየ፣ ላንቺም እሠራለሁ» አለቻት መስኡዳ።

«ሥሪልኝ። የኔዎቹ ግን ሲጃራ የማያጨሱ ይሁኑ፤ ከገና ጾም በፊት እንዲደርሱልኝ።»

እንግዲህ አልቋል ስትሉ ነፋሱ ቆመ። አንድ ቀን ቆመ፣ ሁለት ቀን ቆመ። ጭልፊቶቹ እንደ ሥጋ ቤት ሥጋ ተንጠልጥለው ቀሩ። ግሪሳ ሞኝ አይደለም፤ አንዱ መጥቶ ሲጃራ ያጨሰችው ራስ ላይ ዐረፈባት፣ አየን፤ ቀጥሎም አንድ ነገር ጣለባት። ከዚያ መንጋው ወረደ። ማሽላው ሊታጨድ ስምንት ቀን ነው የቀረው። አክስቴ ቤት ገብታ የመስኡዳን ሳጥን ከአልጋ ስር ስታወጣ አየሁ። አቧራውን ጠርጋ በር አጠገብ አኖረችው።

መስኡዳ ሳጥኑን አየች፤ ማሳውን አየች፤ ሮጣ ሄዳ የሸምበቆ ክምር ይዛ መጣች።

«ተነሥ ሰዑድ! ነፋስ ከሌለ እኛ ነፋስ እንሆናለን።»

ከየእንጨቱ ስር ማሽላው ውስጥ ተጋደምን። ኬላው ላይ ሆኖ ለሚያይ፣ ሰው የለም፤ ማማ የለም፤ ጅራፍ የለም። ረዥሙን ሸምበቆ ወደ ላይ ልከን ከጭልፊቷ ቀዳዳ ጋር እናገጥምና እንነፋለን። ምንቃሯ ወደ ሰማይ ስለዞረ የሚገኘው ቀዳዳ የኋላው ነው። ሲጃራ ያጨሰችውን መስኡዳ ለኔ ሰጠችኝ። በገዛ እጄ የወጋሁትን በገዛ አፌ ነፋሁት! እናትነሽ ከሁለት ማሳ ወዲያ ሆና «አላህ ፍርዱን አያጓድልም በለው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ፤ ክርስቲያን ሆና ሳለች።

ስድስት ቀን ነፋን። ጉንጬ አብጦ የጥርስ ሕመምተኛ መሰልኩ። በሰባተኛው ቀን ግን ሳንባችን አለቀ፤ አንድ ትንፋሽ ስናርፍ ግሪሳው አንድ ዘለላ ይወስዳል። መስኡዳ ከንፈሯ ደምቶ «አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ» ትላለች። ያን ጊዜ የመጨረሻ ትንፋሼን ለቀቅኩት። ፉጨቷ አምባው ድረስ ሄደ መሰለኝ፣ ከላይ ሌላ ፉጨት መለሰላት።

ያ ጭልፊት መጣ! እውነተኛው። ሁለት ጊዜ ዞረና መጥቶ የኔዋ አጠገብ እንጨቱ ላይ ዐረፈ። ሸምበቆዬን አፌ ውስጥ እንዳለ ትንፋሼን ያዝኩ። እሱ ግራ አያት፤ ቀኝ አያት፤ ላባውን አስተካከለ። ወደዳታ! በረረና አይጥ ይዞ መጥቶ ምንቃሯ ስር አኖረላት። አትበላለትም፤ እሱ ግን አልተቀየመም፤ ኩራተኛ ሴት ትመስላለች ብሎ ይሆናል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ አጨዳው ከእንጨቱ አልራቀም፤ አንድ ግሪሳ በማሳው በኩል ካለፈ እንደ ቀናተኛ ባል ይነሣበታል።

አጨድን። ወቃን። ኬላው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ ጧት አልነበሩም። ልጅ እግሩ ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ከሰዓት መጥቶ ነበር፤ መስኡዳ ለእናቱ አውራ ጣት የምታህል ጭልፊት ሰጠችው፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተታት። ደርሳ ይሁን አላውቅም። መንገድ ሲከፈት ባጃጄን ከጭድ አወጣሁ። ከውጫሌና ከሐይቅ ገበያ ሰዎች «የምትፏጨውን ጭልፊት» እያሉ የአክስቴን ቤት መጠየቅ ጀመሩ።

ጎተራው እስከ አፉ የሞላ ዕለት አክስቴ እጇን እህሉ ውስጥ ከታ ቆየች። ከዚያ መስኡዳን ጠርታ «ዐረብ አገር አቧራ ጠራጊ አያጣም» አለቻት። «አንቺ እዚህ ሁኚልኝ ልጄ። እኔ አፍ እሠራለሁ፣ አንቺ ክንፍ ሥሪ።» መስኡዳም እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

አሁን ከማልኩ አይቀር አንድ ነገር ልናዘዝ። ግሪሳው ሲዘፈንለት ማልቀሱ እውነት ነው። ጭልፊቱ አይጥ ማምጣቱም እውነት ነው፤ እናትነሽ አይታለች። የፈጠርኩት ጎተራው አጠገብ የተባለውን ነው። አክስቴ ረቢያ እንዲህ ያለ ንግግር ወጥቷት አያውቅም። ያን ቀን ጎተራውን ከደነችና ምንም ሳትል ተኛች። በነጋታው ግን አህያዋን ይዛ ወደ ሸክላ አፈሩ ጉድጓድ ወረደች። ሁልጊዜ የምታመጣው አንድ ጆንያ ነበር፤ ያን ቀን ሁለት ጭና መጣች። አንዱን በራሷ መቀመጫ ፊት ዘረገፈች፣ ሌላውን በመስኡዳ መቀመጫ ፊት፤ ልብሷን አራግፋ ገባች። መስኡዳ አፈሩን አየችው፤ ሳጥኗን ከበሩ አንሥታ የተፈጨ ገል ማስቀመጫ አደረገችው። ሁለቱም ቃል አልተነፈሱም፤ እኔ ደግሞ ዝም ያለ ነገር መጻፍ አልችልበትም።